ለማንም የማልነሣበት ወንበር

ባለፈው ሳምንት የትራክተሩን ቁልፍ አስረከብኩ። የተረከበኝ ወጣት ከደሴ የመጣ ነው፤ ስለ ሞተር በትምህርት ቤት የተማረ፣ ጨዋ ልጅ። ቁልፉን ስዘረጋለት ከወንበሩ ብድግ አለና ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ደስም አለኝ፣ ደነገጥኩም። «ልጄ፣ እዚህ ቢሮ ውስጥ ተነሥ፤ ያሳደገህ ይባረክ። እዚያ ብረት ላይ ስትሆን ግን የወለደህ አባት እንኳ ቢመጣ እንዳትነሣ» አልኩት። ፈገግ አለ። የሽማግሌ ቀልድ መስሎታል። ቀልድ አለመሆኑን እንዲያውቅልኝ ነው ይህን የምጽፈው፤ ደግሞም ሳላመሰግናቸው ማለፍ የማልፈልጋቸው ሰዎች አሉ።

ስሜ ኪሮስ ይባላል። የሰቆጣ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ነኝ። የሥራ ዘመኔ በሙሉ ያለፈው ሣር በማጨድ ነው ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ጣሊያን ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ የአውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን፣ ማጭድ ይዘን ከተቀጠርነው ጎረምሶች አንዱ ነበርኩ። ክረምቱ ሲወጣ ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ሣር ውስጥ ድንጋይ አለ፣ ጉድጓድ አለ፣ የተኛ ጥጃም አለ። አብራሪው ከላይ ሆኖ መሬቱን ካላየ አንድ ሁለቴ ዞሮ ወደመጣበት ይመለሳል። ያን ጊዜ መድኃኒቱም፣ ደብዳቤውም፣ በሽተኛውም እዚያው ባሉበት ይቀራሉ። እኛ ተሰልፈን እየዘፈንን እናጭዳለን፤ ጫፍ ስንደርስ ሣሩ መነሻው ላይ እንደገና አድጎ ይጠብቀናል። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ ሣሩን ግን ለከብቶቻችን እንወስድ ስለነበር ማንም አላጉረመረመም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ትራክተር መጣ። በኮረም በኩል በበጋው መንገድ፣ በጭነት መኪና ጀርባ ላይ ተጭኖ ሲገባ ከተማው ሁሉ ወጥቶ ተቀበለው። በቀኝ ጎኑ እንደ ክንድ የሚዘረጋ ረጅም ማጨጃ አለው፤ ክንዱ ላይ የተደረደሩት ምላጮች ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተቱ ሣሩን ከሥሩ ይቆርጡታል። አብረውት የመጡት ጋሽ ደምሴ ነበሩ፤ በአዋሽ በኩል በትልልቅ እርሻዎች ላይ የኖሩ፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ የሣር ባርኔጣ ከራሳቸው የማይለይ ሰው። ረዳት ሊመርጡ አጫጆቹን አሰለፉንና «ማጭድህ ድንጋይ ቢነካ ምን ታደርጋለህ?» ብለው ጠየቁን። እስለዋለሁ ያለ አለ፤ እረግማለሁ ያለም ነበር። እኔ ድንጋዩን ከሜዳው አወጣለሁ አልኩ። «አንተ ና» አሉኝ። እንጀራዬ የተቆረሰው በዚያች ቃል ነው።

ጋሽ ደምሴ ማሽኑን ከመንካታቸው በፊት የዕለቱን ሜዳ በእግራቸው ይዞሩታል። በእጃቸው ቀጭን ዱላ ይዘው ሣሩን እየገለጡ፣ ድንጋዩን፣ አጥንቱን፣ በቅሎ የታሰረበትን የብረት ካስማ እየለቀሙ ይወረውራሉ። ትናንት የዞርነውን ዛሬ ለምን እንዞረዋለን ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። «ትናንትና ማታ በዚህ ያለፈውን ሰው ሁሉ ታውቀዋለህ?» አሉኝ። ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሣር ምላጩ ውስጥ ሲሰገሰግ እጃቸውን አይልኩም፤ ሞተሩን አጥፍተው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው፣ በዱላ ይጎረጉሩታል። የሜዳው ዳር ወደ ሸለቆው የሚያዘነብልበት ቦታ ላይ ሽቅብና ቁልቁል እንጂ አግድም አይነዱም፤ ትራክተር እንደ ሰከረ ሰው በጎኑ ይወድቃል ይሉ ነበር። ምሳቸውን በማሽኑ ጥላ ሥር በልተው አያውቁም። ሜዳውን ዙሪያውን ደግሞ ኖራ የተቀባ ድንጋይ ደረደሩ፤ ሣር ሊወስድ የመጣ ሁሉ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ ከድንጋዩ ወዲያ ይጠብቃል።

ከሁሉም የከበደኝ ግን የመቀመጡ ነገር ነው። በአገራችን ሽማግሌ ሲመጣ፣ ቄስ ሲያልፍ፣ የተቀመጠ ሰው «ኖር!» ብሎ ይነሣል፤ የመጣው ደግሞ «በእግዜር!» ብሎ ያስቀምጠዋል። ይህን ማንም አያስተምረንም፤ እግራችን ራሱ ያውቀዋል። ጋሽ ደምሴ በመጀመሪያው ቀን ወንበሩ ላይ አስቀመጡኝና የግራ እግሬን ፍሪሲዮኑ ላይ አስረገጡኝ። «ይህን ስትረግጥ ጎማውም ይቆማል፣ ምላጩም ይቆማል። ማርሹ ግን አልወጣም፣ ሞተሩም አልጠፋም። ሁሉን ይዞ ያቆመው ያንተ እግር ነው። ለሰው ልነሣ ብለህ እግርህን ያነሣህ ቀን ጎማውም ምላጩም አብረውህ ይነሣሉ» አሉኝ።

«ታዲያ የማከብረው ሰው ሲመጣ ምን ላድርግ?» አልኳቸው።

መልሱን ሠርተው አሳዩኝ። ተቀምጠው ባርኔጣቸውን አንሥተው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ማርሹን አወጡ፣ ማጨጃውን ከሞተሩ አላቀቁ፣ ክንዱን መሬት ላይ አሳረፉ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ ሞተሩን አጠፉ፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ፣ ፊታቸውን ወደ ማሽኑ አድርገው ወረዱ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ እንግዳው ሄደው መሬት እስኪነኩ የሚጎነበሱት። ባርኔጣ የሚያደርጉት ለፀሐይ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ተቀምጠው የሚያነሡት ነገር እንዲኖራቸው ነው። ችግሩ ይህ ሁሉ ሲደረግ እንግዳው ተቀይሞ ሩቅ መሄዱ ነው።

ከተቀየሙት አንዱ አባቴ ነበር።

አባቴ አያ ኃይሉ ክብሩን የሚወድ ሰው ነው። ደግ ነው፣ ለጋስ ነው፤ በክብር ጉዳይ ግን ከራሱ ወንድም ጋር እንኳ ዓመት ሙሉ ተኳርፎ ያውቃል። ማሽኑን ለብቻዬ መንዳት በጀመርኩ በጥቂት ሳምንት ሦስት የመንደራችንን ሽማግሌዎች አስከትሎ ልጄን እዩልኝ ብሎ መጣ። መንገድ ላይ «ሲያየኝ ከዚያ ብረት ላይ ዘሎ ነው የሚወርደው» እያለ ሲኩራራ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። እኔ አልዘለልኩም። ባርኔጣዬን አነሣሁና ያንን ሁሉ ተራ በተራ ማድረግ ያዝኩ። ወርጄ ስሮጥ አባቴ በቅሎውን አዙሯል። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

«አባየ፣ ምነው? ይቆዩ እንጂ፣ ይጠብቁኝ!» አልኩት።

«እኔን የሚያከብረኝ ባርኔጣው ነው ልጄ?» አለ ዞር ሳይል። የቀረውን በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ነው የተናገረው፤ ሲብስበት ወደ ኽምጣኛ ይሻገራል። እሱን ግን እዚህ አልጽፈውም።

ያን ዓመት ፋሲካን ቤት ተሰብስበን ነበር። ከምግብ በኋላ ልጆቹ በየተራ ጉልበቱን ስመን እንመረቃለን። ታላቅ እህቴን መረቀ፣ ታናሽ ወንድሜን መረቀ። እኔ ልንበረከክ ስል «አንተ ተቀመጥ፤ መቀመጥ ትወዳለህ» አለኝ። ስለ ፍሪሲዮን ላስረዳው ሞከርኩ፤ ግን በፋሲካ ማዕድ ላይ ስለ ፍሪሲዮን የሚሰማ ማን አለ? ከዚያ በኋላ በየዓመት በዓሉ እንዲሁ ሆነ። ያወራኛል፣ ያበላኛል፣ ምርቃቱን ግን ከለከለኝ። ትልቅ ሰው ሆኜ፣ አግብቼ ወልጄ፣ ያቺ ነገር ሌሊት ሌሊት ታስለቅሰኝ ነበር።

ጋሽ ደምሴ ወደ ሌላ አገር ሲዛወሩ ባርኔጣቸውን ትተውልኝ ሄዱ። አለቆች መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ለእያንዳንዱ ጣሳ ናፍታ ሦስት ቦታ ያስፈርመኝ ነበር፤ ሌላው ማሽኑን ወደ ኮረም መንገድ ልኮ የመንገድ ዳር ሣር ሲያሳጭደኝ ከረመ። ሁሉም በየመልካቸው ደግ ነበሩ። ተመልሼ ሰቆጣ ስገባ ሥራው በዝቶ ነበርና ሁለተኛ ነጂ አሠልጥን ተባልኩ። የተሰጠኝ ሞገስ የሚባል ወጣት ነው፤ የመሪጌታ ልጅ፣ ከሰቆጣ ጎረምሶች ሁሉ በጨዋነቱ የሚጠቀስ። አባቴ በተለይ ይወደው ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኘው «ሰው ማለት እንዲህ ነው» ይላል፣ እኔ እየሰማሁ።

ሞገስ ማርሹን በአንድ ቀን ለመደ። ዳገቱን፣ መዞሩን፣ ምላጭ መሳሉን፣ ሁሉን ቶሎ ያዘ። የማይይዘው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው ሲመጣ ይነሣል። ሞተሩን አጥፍተን የሜዳው ዘበኛ እንደ ቄስ ተከናንቦ እንዲመጣ እናደርጋለን፤ ሞገስ ቀልድ መሆኑን እያወቀ ብድግ! «ኧረ ሞገስ!» እለዋለሁ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ አልተነሣሁም፤ ሰውነቴ ነው» ይለኛል፣ ላብ እያጠመቀው። አንድ ሰሞን ወገቡን ከወንበሩ ጋር በገመድ አሰርኩት። ሣር ሊወስዱ የመጡ ሰዎች እንደ እብድ ታሰረ ብለው ሳቁበትና አፍሮ ፈታው። እኔም አልጨከንኩበትም። ከዚያ ወዲህ ወር ከምናምን ሳይነሣ ሠራ። ለመደ ብዬ አመንኩ።

ያ የማልረሳው ጧት መስከረም ላይ ነበር። ከክረምቱ በኋላ የመጀመሪያው አውሮፕላን ከሰዓት በኋላ ይመጣል ተብሎ ነበርና ሲሶ ያህል የቀረውን ሣር ሞገስ እያጨደ፣ እኔ ፊት ፊቱ ድንጋይ እየለቀምኩ ነበር። ቀና ስል አባቴ ነጩን ድንጋይ አልፎ በሣሩ ውስጥ ወደ ትራክተሩ ሲሄድ አየሁት። ሞገስም አይቶት አቆመ። እግሩ ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። ምላጩ ቀጥ ብሏል። አባቴ የቆመ ምላጭ ሲያይ እንደተጋደመ እንጨት ቆጠረውና ለሞገስ እጁን ሊሰጠው በምላጩ ፊት በኩል ቀረበ። ጮህኩ። ሞተሩ ድምፄን ዋጠው። ሞገስ «ኖር፣ አያ ኃይሉ!» ብሎ ተነሣ።

ትራክተሩ አንዴ ብቻ ዘለለና ሞተሩ ታንቆ ጠፋ። ያቺ አንዷ ዝላይ ግን በቃች። ስደርስ አባቴ መሬት ላይ ነው፤ ምላጩ ቁርጭምጭሚቱን እስከ አጥንቱ ቆርጦታል። ሞገስ ራሱን በጡጫ እየመታ ያለቅሳል። የአባቴን እግር በነጠላዬ ጠፍሬ አሰርኩት። ከከተማው የተጠራው ድሬሰር ደሙን ካቆመ በኋላ ወደ ጎን ወሰደኝ። «ደሴ ካልደረሰ እግሩም አይተርፍ፣ ምናልባት እሱም» አለኝ። በበቅሎና በመኪና ያ መንገድ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ሁላችንም እናውቃለን። ሁሉም ሰው ዞሮ የቀረውን ሣር አየ።

የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ነገር በምን ቃል እጽፈዋለሁ? ዘልዬ ወጥቼ መንዳት ነበር ያሰኘኝ። ግን ጋሽ ደምሴ ከኋላዬ የቆሙ መሰለኝና መጀመሪያ ማሽኑን ዞርኩት። አንድ የታጠፈ ምላጭ አቃንቼ አጠበቅኩ። ቀጥሎ ዱላ ይዤ ያልታጨደውን ሣር መግለጥ ጀመርኩ፤ ያ ሁሉ ሰው በሣሩ ውስጥ ሲራወጥ ነበርና።

«አባቱ እየሞተ ይንሸራሸራል!» አለች አንዲት ሴት። «ምን ዓይነት ልጅ ነው?» አለ ሌላው።

መሀል ላይ ስደርስ ዱላዬ ብረት መታ። የአባቴ ዘንግ ነው፤ ጫፉ ወፍራም ብረት የለበሰው፣ ሲወድቅ ከእጁ ያመለጠው። ሣሩ ሸፍኖት ትራክተሩ በሚያልፍበት ላይ ተጋድሟል። በላዩ ሄጄበት ቢሆን ምላጩ ተሰባብሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያበቃ ነበር። ዘንጉን አንሥቼ ወሰድኩና አባቴ ከተኛበት ቃሬዛ አጠገብ አስቀመጥኩለት። ዐይኑን ገልጦ ዘንጉን አየ፣ እኔን አየ።

ማጨድ ጀመርኩ። በአገራችን መከራ የደረሰበትን ሰው ወዲያው መጥቶ ማጽናናት ግዴታ ነው፤ የሚጽናናውም ተነሥቶ መቀበል አለበት። ወሬው ከተማ ደርሶ ሰው ይጎርፍ ያዘ። አባቴ ዛፍ ሥር ተኝቷል፤ ልጁ እኔ ደግሞ ትራክተር ላይ ነኝ። ስለዚህ ወደ እኔ መጡ። የነፍስ አባታችን መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ የአባቴ እኩዮች ከኋላ ተከትለው፣ ነጩን ድንጋይ አልፈው ቀጥ ብለው ወደ ማጨጃው። ባርኔጣዬን አነሣሁ። አልቆሙም። በእጄ ከለከልኩ። ሰላምታ መሰላቸው። ሞተሩን አጥፍቼ ወርጄ ልቀበላቸው ብል ከኋላቸው ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ይመጣል፤ ሜዳው ሳያልቅ አውሮፕላኑ ይደርሳል። እግሬ ፍሪሲዮኑ ላይ ሆኖ ጉልበቴ ልነሣ ልነሣ ይለኝ ጀመር። ሞገስን ያን ጊዜ ገባኝ።

ከዛፉ ሥር ድምፅ መጣ። ያን ድምፅ ከልጅነቴ ጀምሮ ከተራራ ተራራ ሲሻገር አውቀዋለሁ።

«ተመለሱ! ልጄን አታስነሡት!» አባቴ በክርኑ ተደግፎ ከቃሬዛው ቀና ብሏል። «አባ፣ መስቀሉን ወደ እኔ ያምጡት! እሱ ይቀመጥ! ይቀመጥ ልጄ፣ ይቀመጥ!»

ሰው ሁሉ ነጩ ድንጋይ ድረስ አፈገፈገ። እንባዬ ሜዳውን እየጋረደብኝ አጨድኩ። የመጨረሻዋን ዙር ጨርሼ፣ ክንዱን ወደ ላይ አንሥቼ ከሜዳው ስወጣ አውሮፕላኑ በተራራው ጫፍ ብቅ አለ፤ አንዴ ዞረና አረፈ።

አባቴን አውሮፕላኑ ላይ ሲያሳፍሩት ሞገስ እግሩ ሥር ወደቀ። በትከሻው ድንጋይ ተሸክሞ ነበር፤ ይቅርታ የሚጠየቅበት ሥርዓት ነው። አባቴ ድንጋዩን አውርዱለት አለና፣ በዚያ ሁሉ ሕመም መሀል ሳቅ ያለበት ድምፅ አወጣ። «ያስቀየመኝ ልጄ አልነካኝም። ያከበርከኝ አንተ ነህ የቆረጥከኝ። ተነሥ በል፣ ይቅር ብዬሃለሁ።» ሞገስ ከዚያ ቀን ወዲህ ማሽን ላይ አልወጣም። ዛሬ የልጅ ልጆቼ መምህር ነው፤ ሲገባ ተማሪዎቹ ሁሉ ይነሡለታል። እሱን ማስተማር አለመቻሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሰው ከወንበሩ ሲነሣ ራሱ ቀጥ የሚል ትራክተር አንድ ቀን የሚሠራ ሰው ቢገኝ እጁን እስምለት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሜዳው ላይ ማንም ሰው አልተጎዳም። ባለፉት ክፉ ዓመታት ዝናቡ ከድቶን ሣሩም አልበቀለም፤ ማሽኑ ቆሞ ሲውል ማየት ከሥራው ብዛት የበለጠ አደከመኝ። ይሁን። ጋሽ ደምሴን እግዚአብሔር ባሉበት ይጠብቅልኝ። አጫጅ ጓደኞቼን፣ ያን ፈርም ባይ አለቃዬን ሳይቀር፣ አመሰግናለሁ።

አባቴ ከደሴ የተመለሰው ከወራት በኋላ ነው። እግሩ ተርፏል፤ ያነክሳል። አንድ ቀን ሳጭድ ነጩ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አየሁት። አልፎ አልመጣም። ባርኔጣዬን አነሣሁ። ማርሹን አወጣሁ፣ ማጨጃውን አላቀቅኩ፣ ክንዱን አሳረፍኩ፣ ፍሬኑን ሳብኩ፣ ሞተሩን አጠፋሁ። ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወረድኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀስ ብዬ ሠርቼ አላውቅም፤ እሱም እያንዳንዷን ነገር እንደ ቅዳሴ ይከታተላል። ወደ እሱ ስቀርብ ያንን ዘንጉን መሬት ላይ ተክሎ፣ በደህናው እግሩ ተደግፎ፣ እያቃሰተ መነሣት ጀመረ።

«ኖር፣ ልጄ!» አለኝ።

«በእግዜር! ኧረ በእግዜር አባየ፣ ይቀመጡ! እግርዎ!»

«ተወኝ» አለ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ። «እኔ ከሥሬ ሞተር የለብኝም።» ከዚያ ጉልበቱን ልስም ስንበረከክ እጁን ራሴ ላይ ጭኖ ያን ሁሉ ዓመት የያዘብኝን ምርቃት አንድ ባንድ ሰጠኝ።